የጋራ ግድግዳ፣ የጋራ ወንዝ፦ በአዲስ አበባ የወንዝ ዳር ሰፈሮች የቤት ባለቤትነት ታሪክ



ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ሰው በአጭር መንገድ ሁለት ወንዞችን ይሻገራል፤ በመጀመሪያ ግንፍሌን፣ ቀጥሎም ቀበናን። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የባሕር ዛፍና የጽድ ጥላ፣ በገደሉ አፋፍ የተደራረቡ የጭቃ ቤቶች ቆርቆሮ፣ ከእነዚህም መካከል ብቅ ብቅ ያሉ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ይታዩ ነበር። ዛሬ የዚህ ገጽታ ብዙው ክፍል በመለወጥ ላይ ነው። ወንዙ ይጸዳል፣ ዳርቻው በድንጋይ ይነጠፋል፣ አዳዲስ ሕንጻዎች ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ይቆማሉ። ቀድሞ የቤት ጓሮ የነበረው አሁን የቤት ፊት ሆኗል።

ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ከእነዚህ ሕንጻዎች በአንዱ የሚኖር ሰው “ቤቴ” ሲል ምኑን ማለቱ ነው? በአራቱ ግድግዳ መካከል ያለውን ብቻ ነውን? ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ በሕንጻዎቹ መካከል ያለውን ሜዳስ ይጨምራልን? ከሜዳው በታች ያለውን ወንዝስ? የሕግ ባለሙያ ለዚህ አንቀጽ ጠቅሶ ይመልሳል። የታሪክ ተማሪ ግን ሌላ ነገር መጠየቅ አለበት፤ ይኸውም አብሮ የመያዝ ልማድ በዚህች ከተማ እንዴት ተፈጠረ፣ በማን እጅ ቆየ፣ መቼስ ተቋረጠ የሚለውን ነው።

በቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃላት አሉን። አንዱ “የወል” ነው። የወል መሬት የምንለው ከብት የሚሰማራበትን፣ እንጨት የሚለቀምበትን፣ ማንም ቆርሶ “ይህ ድርሻዬ ነው” ሊል የማይችለውን ነው። ሁለተኛው “የጋራ” ነው። የጋራ ሀብት ባለድርሻዎቹ የሚታወቁ፣ ድርሻቸውም የሚቆጠር ነው። የወንዝ ዳር ሰፈሮች ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የሚዋልል ታሪክ ነው። የክርክሬ ፍሬ ነገርም እንዲህ ነው፦ የወንዝ ዳር ሰዎች ለረጅም ዘመን ባለቤትነት ሳይኖራቸው አብሮ ማስተዳደርን ያውቁ ነበር፤ የጋራ ሕንጻ ነዋሪዎች ደግሞ ባለቤትነትን በሰነድ ተቀብለው አብሮ ማስተዳደርን ገና በመጀመር ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ውርስ ሊተላለፍ ይገባው ነበር፤ አልተላለፈም። ለምን አልተላለፈም የሚለውን ነው ዛሬ የምንመረምረው። ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከመሬቱ አቀማመጥ እንነሣ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእንጦጦ ተራራ ወደ ደቡብ በሚወርዱ ወንዞች የተሸነሸነ ቁልቁለት ላይ ነበር። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንቲይቀጡ፣ ሌሎችም ጅረቶች ምድሩን ወደ ጉብታና ሸለቆ ይከፍሉታል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የቀደምት ሰፈሮችን አመሠራረት ባጠኑበት ሥራቸው እንዳሳዩት፣ የከተማዋ ሰፈሮች የተፈጠሩት በመኳንንቱና በጦር አለቆች ይዞታ ዙሪያ ነው። መስፍኑ ወይም ደጃዝማቹ ጉብታውን ይይዛል፤ አሽከሮቹ፣ ወታደሮቹ፣ ባለሙያዎቹ በቁልቁለቱ ይሰፍራሉ። ሸለቆውና ወንዙ አንዱን ሰፈር ከሌላው የሚለዩ ድንበሮች ነበሩ። ከአድዋ ድል በኋላ በከተማዋ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ለውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ሰፋፊ ቦታ ሲሰጥ ይኸው ሥርዓት ቀጠለ። የቀበና አካባቢ ዛሬም ድረስ ዛፍ የበዛበት መሆኑ ከእነዚህ ሰፋፊ ግቢዎች ጋር ግንኙነት አለው።

በዚህ አሠፋፈር ውስጥ ወንዙ የማን ነበር? ጉብታው ጌታ አለው፤ ቁልቁለቱ በጌታው ፈቃድ የሚኖር ሰው አለው፤ ወንዙ ግን የሁሉም ነው። ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ውኃ ይቀዳበታል፣ ቆሻሻም ይጣልበታል። ዳሩ በክረምት የሚሞላ፣ መሬቱ የሚንሸራተት ስለሆነ ዋና ቤት ለመሥራት ማንም አይመኘውም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጦቱን ባቃለለ ጊዜ፣ ብዙው ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ተተከለ። ስለዚህ ዛሬ “አረንጓዴ” የምንለው የወንዝ ዳር መልክ በአብዛኛው ሰው የተከለው ነው፤ የተተከለውም ለውበት ሳይሆን ለምሰሶ፣ ለማገርና ለማገዶ ነው።

በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ ለዚህ ልቅ አሠፋፈር የመጀመሪያውን የሕግ መልክ ሰጠው። ቦታ ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ይሸጣል፣ ይወረሳል። ከዚህ በኋላ የከተማ መሬት እንደ ሸቀጥ መታየት ጀመረ። ደንቡ ያጸናው ግን አስቀድሞ በተያዘው ላይ የቆመ ሥርዓት ነበር፤ ብዙ የያዘው ብዙ አስመዘገበ፣ በጌታው ቦታ በፈቃድ የሚኖረው ግን የሚያስመዘግበው አልነበረውም። የወንዝ ዳር ሰዎች ታሪክ ከባለቤትነት ታሪክ የተለየው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ለማለት ይቻላል።

የጣሊያን ወረራ ዘመን ከተማዋን በዘር ለመክፈል ያለመ ፕላን አመጣ። ፕላኑ በሙሉ ባይፈጸምም ሁለት አሻራዎችን ትቷል። አንደኛው የገበያው ወደ ምዕራብ መዛወር ነው። ሁለተኛው ለእኛ ርእስ የሚቀርበው ነው፤ በመንግሥት ወይም በተቋም ገንዘብ፣ በአንድ ዓይነት ንድፍ፣ ለሠራተኞች ተብሎ የሚሠራ የመኖሪያ መንደር ሐሳብ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት መሥሪያ ተቋም ከሚጠራበት አሕጽሮት የመጣ ነው። የሰፈር ስም ከራስና ከደጃዝማች ወደ ቤት ሠሪ ተቋም የተሸጋገረበት ቀደምት ምሳሌ ይህ ነው።

ከነጻነት በኋላ ከተማዋ በፍጥነት አደገች። ከየክፍለ ሀገሩ ሥራና ትምህርት ፍለጋ የሚመጣው ሰው ቤት ያስፈልገው ነበር። ባለቦታው ከዋናው ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘነብለው ጓሮ፣ በጭቃ የተመረጉ ባለ አንድና ባለ ሁለት ክፍል ቤቶችን በተርታ እየሠራ ማከራየት ጀመረ። አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ ማዕድ ቤት ለብዙ አባወራ ይሆናል። የወንዝ ዳር ሰፈር ብለን የምናውቀው ጥግግት ያለ አኗኗር የተወለደው እንዲህ ነው። ሕጉ የአከራይና የተከራይ ሕግ ነው፤ ኑሮው ግን ከግቢው በር ጀምሮ የጋራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምጸት ልጥቀስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋራ ባለቤትነት በዝርዝር ደንግጓል። ከዚያም አልፎ አንድ ሕንጻ በፎቅና በክፍል ተከፋፍሎ የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሩት እንደሚችል፣ መሠረቱ፣ ደረጃውና ጣሪያው የጋራ እንደሚሆን የሚገልጹ ድንጋጌዎች አሉት። እነዚህ አንቀጾች የተጻፉት ተራው የከተማ ነዋሪ በአንድ ግቢ የጋራ መጸዳጃ በሚጋራበት ዘመን ነበር። ፎቅ ለሌለው ሰው የፎቅ ሕግ ተጻፈለት፤ ለሚጋራው ግቢ ግን ሕግ አልነበረውም። ግቢውን የሚያስተዳድረው በልማድ ነበር።

ያ ልማድ ዕድር ነው። ስለ ዕድር ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ የማነሣው እንደ ንብረት ሥርዓት ነው። ዕድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ትሪ አለው። የዕድሩ ድንኳን የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነገር ግን ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ማን እንደሚተክለው፣ የተቀደደ እንደሆነ ማን እንደሚያሰፋው፣ በቀብር ያልተገኘ ምን ያህል እንደሚቀጣ ሁሉም ያውቃል። ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ መዝገብ አለ፣ ጥሩምባ ነፊ አለ። ወርሃዊ መዋጮ ይከፈላል። የአባልነት መስፈርቱ ቤት መከራየት ወይም ቤት ማከራየት ሳይሆን በሰፈሩ መኖር ነው። አከራይና ተከራይ በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ። በንብረት ሕግ ቋንቋ ብንገልጸው፣ ዕድር ድርሻው የማይሸጥ፣ የማይወረስ፣ በመኖር ብቻ የሚገኝና ሰፈሩን በመልቀቅ የሚላላ የጋራ ሀብት ነው።

ከዚህ በኋላ የ1967 ዓ.ም. ትልቁ ለውጥ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የአከራይና የተከራይን ሥርዓት በአንድ ቀን ናደው። ቤተሰብ አንድ የመኖሪያ ቤት ይዞ ይቀራል፤ ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሆናል። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተመደበ። ኪራይ ተቀነሰ። በወንዝ ዳር ያሉት ቤቶች ኪራያቸው አነስተኛ ስለነበር በብዛት የቀበሌ ቤቶች ሆኑ።

አዋጁ ለወንዝ ዳር ተከራይ የሰጠው ነገር ትንሽ አልነበረም። “ነገ ልቀቅ” ከሚል ጌታ ስጋት አወጣው፤ በዝቅተኛ ኪራይ ለአንድ ትውልድ እንዲኖር አስቻለው። ያልሰጠው ነገር ግን ዛሬ ለምናየው መነሻ ነው። ባለቤት አላደረገውም። ቤቱ ሲያረጅ የሚያድሰው አልነበረም፤ ቀበሌው ከዝቅተኛው ኪራይ ለማደሻ የሚተርፈው ገንዘብ አልነበረውም፣ ተከራዩም በማይሸጠውና በማያወርሰው ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ያመነታ ነበር። ቤተሰብ ሲበዛ ግን ግቢው ውስጥ፣ ወደ ወንዙ ዳር፣ ተጨማሪ ክፍል ይቀጠላል። የወል የነበረው ዳርቻ በዚህ መንገድ በቤት ተሞላ። አፈሩን የያዙት ዛፎች ተቆረጡ፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ ወንዝ ገባ፣ የክረምት ጎርፍም በየጊዜው ቤት ይዞ መሄድ ጀመረ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። “የቀበሌ ቤት ኑሮን አታሽሞንሙንልን፤ ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው የሚገነፍል፣ ለሕፃናት ጤና ጠንቅ የሆነ ኑሮ ነው” የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። በጋራ መጸዳጃ ፊት የሚሰለፍ ሰው ስለ ማኅበራዊ ትስስር ውበት አይዘምርም። እኔም የምከራከረው ስለ ቤቱ ሳይሆን ቤቱን የተሸከመው የአስተዳደር ልማድ ስለነበረው አቅም ነው። ያለ በጀት፣ ያለ ሰነድ፣ ያለ ባለቤትነት ካርታ፣ የወንዝ ዳር ሰዎች ሙት ሲቀብሩ፣ የታመመ ሲያስታምሙ፣ የተደፈነ ቦይ ሲከፍቱ ኖረዋል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው ብሂል በእነዚህ ግቢዎች የየወሩ ሒሳብ ነበር።

አሁን ወደ ጋራ ሕንጻ እንምጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ የቤት እጥረት ሊካድ የማይችል ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ጸንቷል፤ በሊዝ የሚያዘው ቦታ ዋጋ ደግሞ ከአብዛኛው ነዋሪ አቅም በላይ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አንዱ አዋጅ ቁጥር 370/1995፣ የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነትን የሚወስነው ሕግ ነው። ሁለተኛው በአነስተኛ ዋጋ ፎቅ ለመሥራት የተቀየሰው የግንባታ ዘዴ ነው፤ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተሠራ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ተብሎ በአገር አቀፍ ደረጃ ተስፋፋ። ዕቅዱ በአምስት ዓመት 400,000 ቤቶችን መሥራት ነበር፤ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 171,000 ያህል ተሠሩ። ከዕቅዱ ቢያንስም በአገሪቱ ታሪክ ይህን ያህል ቤት በዚህ ፍጥነት የሠራ መርሐ ግብር አልነበረም።

ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመዘገበው ሰው ከ450,000 በላይ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስሙን አስመዘገበ። ስለዚህ ቤቱ በዕጣ ይታደላል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች የተመደበ መሆኑ በከተማ ንብረት ታሪካችን ውስጥ ትልቅ ስፍራ የሚሰጠው ነው፤ በርስትም በትርፍ ቤትም ዘመን በስማቸው ካርታ ያልነበራቸው ብዙ ሴቶች በዚህ መንገድ ባለቤት ሆነዋል። ዕጣ የደረሰው ሰው በ20/80 መርሐ ግብር 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይከፍላል፤ ቀሪውን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በብድር ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ ማከራየት ግን ይችላል።

ይህ ባለቤትነት ምን ዓይነት ነው? ሦስት ንብርብሮች አሉት። ከታች መሬቱ አለ፤ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከላይ ቤቱ አለ፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ክፍል የግል ነው፣ ብድሩ እስኪያልቅ የባንኩ እጅም አለበት። በመካከል ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ ግቢው አለ፤ ይህ የጋራ ነው። አዋጁ የጋራውን ድርሻ ከግሉ ቤት መነጠል እንደማይቻል ይደነግጋል፤ ቤቱን የገዛ የደረጃውን ድርሻ አብሮ ይገዛል፣ የጥገናውንም ግዴታ አብሮ ይወርሳል። ይህን የጋራ ክፍል የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር በሕግ ሰውነት ይቋቋማል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል።

በወረቀት ላይ ይህ ማኅበር የዕድር ታናሽ ወንድም ይመስላል። አባላት አሉት፣ መዋጮ አለው፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ለምን ታዲያ በብዙ ሕንጻዎች የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ሳይለወጥ ይከርማል? ለምንስ የጣሪያው ፍሳሽ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ብቻ ችግር ሆኖ ይቀራል? ሦስት ምክንያቶችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ዕጣው ነው። ዕጣ ፍትሐዊ ነው፤ ዘመድን ከባዳ አይለይም። ነገር ግን ሰፈርንም አያውቅም። ግቢ የተጋሩ፣ አንድ መዝገብ ላይ የተጻፉ ጎረቤታሞች ወደ ተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ይበተናሉ፤ በአንድ ደረጃ የሚወጡትና የሚወርዱት ደግሞ አስቀድሞ የማይተዋወቁ ናቸው። ዕድርን የሠራው የረጅም ጊዜ መተዋወቅ ነበር። ማኅበሩን የሚሠራው አዋጅ ነው። አዋጅ ማኅበርን ሊያቋቁም ይችላል፤ መተማመንን ለማምጣት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለተኛው የባለቤትና የነዋሪ መለያየት ነው። ቅድመ ክፍያውንና ወርሃዊ ብድሩን መሸከም ያቃተው ባለዕጣ ቤቱን አከራይቶ እርሱ ርካሽ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። በሕጉ የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ደረጃውን በየቀኑ የሚረግጠው ተከራይ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ባለቤት ደግሞ ደረጃውን አያየውም። ዕድር አከራይንና ተከራይን በአንድ መዝገብ ይጽፍ እንደነበር አስታውሱ። አዲሱ ሕግ በዚህ ነጥብ ከአሮጌው ልማድ ይልቅ ጠባብ ነው።

ሦስተኛው የሕንጻው ንድፍ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ልማዱን ፈጽሞ አልዘነጉትም። እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድ፣ ልብስ ለማጠብ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት በየሕንጻዎቹ መካከል እንዲሠራ አድርገዋል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሆኖም ከአራተኛ ፎቅ ምጣድና ሊጥ ተሸክሞ መውረድና መውጣት ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድም ጋገራን ወደ ቤት ውስጥ አስገባው። ግቢው ውስጥ በጭስ መካከል ይካሄድ የነበረው የሴቶች ውይይት ስፍራ አጣ። የጋራ መገልገያ ቤቱም በየቦታው ወደ መጋዘንነትና ወደ ሱቅነት ተለወጠ።

ይህን ሁሉ በወንዝ ዳር ስናየው ጉዳዩ ይከብዳል። የካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዝ ዳር ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን የሚሸፍን ዕቅድ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ለዚሁ ሥራ ማሰባሰቢያ በአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት “ገበታ ለሸገር” ተዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ የወንዝ ዳር ሥራውና የኮሪደር ልማቱ ብዙ አሮጌ ሰፈሮችን አንሥተዋል። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ማንም ያልፈለገው ገደል አሁን የከተማዋ ውድ ስፍራ ሆኗል። ንጹሕ ወንዝ ለሁሉም የሚጠቅም መሆኑን የሚክድ የለም፤ በተለይ ልጆቹ በዚያ ፍሳሽ ዳር ያደጉ ሰዎች አይክዱም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የወንዙ ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው የማን ነው?

በሦስቱ የንብረት ሥርዓቶች መልሱን ማነጻጸር እንችላለን። በርስትና በግል ይዞታ ዘመን የመሬት ዋጋ ሲጨምር ተጠቃሚው ባለቦታው ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ መሬት የማይሸጥ ስለሆነ ጭማሪው ተዳፍኖ ቆየ፤ የወንዝ ዳር ተከራይ የመሀል ከተማን ጥቅም፣ ማለትም የገበያውን፣ የትምህርት ቤቱንና የሥራውን ቅርበት በዝቅተኛ ኪራይ አገኘ። አሁን ጭማሪው ተገልጧል። የግል ቤት ባለቤት ካሣና ምትክ ቦታ ያገኛል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት የመግዛት ቅድሚያ ይሰጠዋል። የዕድሩ ድንኳን፣ የዕድሩ መዝገብ፣ በአርባና በሃምሳ ዓመት የተገነባው የሰፈር ትስስር ግን በካሣ ሠንጠረዥ ውስጥ መደብ የለውም። የማይሸጥ ነገር ዋጋው አይተመንም፤ ያልተተመነ ነገር ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ በወንዙ ዳር በሚቆሙት አዳዲስ የጋራ ሕንጻዎች ውስጥ የሚገቡ ሰዎች፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። የሕንጻው የጋራ ግቢ የት ላይ ያበቃል? የሁሉም የሆነው ወንዝስ ከየት ይጀምራል? በመካከላቸው አጥር ቢቆም ወንዙ የባለዕጣዎች ይሆናል፤ የወልነቱን ያጣል። አጥር ባይቆምና ጠባቂ ማኅበርም ባይኖር እንደ ቀድሞው የማንም ይሆናል፤ የማንም የሆነ ወንዝ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ አይተነዋል። ሦስተኛው መንገድ በቦታው የሚኖር ሁሉ፣ ባለቤትም ተከራይም፣ የሚጻፍበት አንድ መዝገብ ነው። ይህ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በግንፍሌና በቀበና ገደል ላይ ሲሠራበት የኖረ ነው። የማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ ለተከራይ በግቢና በጥገና ጉዳይ ድምፅ ቢሰጥ፣ ከአንድ ሰፈር የሚነሡ ሰዎች በአንድ ላይ ቢሰፍሩ፣ የሰፈሩ ዕድርም እንደ ሕጋዊ አካል ተቆጥሮ ከነንብረቱ ቢዛወር፣ የተቋረጠው ውርስ በከፊል ሊቀጥል ይችላል።

በመጨረሻ ለታሪክ ተማሪዎች የምለው አለኝ። ስለ ርስትና ጉልት የምናውቀው ሰነድ ስለተረፈ ነው። ስለ ወንዝ ዳር ሰፈሮች የሚተርፈው ምንድን ነው? አንድ ሰፈር ሲነሣ ካርታ ያለው ካርታውን ይዞ ይሄዳል። የዕድር መዝገቦች ግን በሰብሳቢው ሣጥን፣ በጸሐፊው አልጋ ሥር ናቸው፤ የቀበሌ የኪራይ ደብተሮች በየወረዳው መጋዘን ተከምረዋል። በእነዚህ ውስጥ ማን መቼ እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ማን እንደቀበረው ተጽፏል። በአንድ የዕቃ ማጓጓዣ ቀን ሊጠፉ ይችላሉ፤ እየጠፉም ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሩቅ አትሂዱ። ሰፈሩ ከመነሣቱ በፊት ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ሂዱ፣ አስፈቅዱ፣ መዝገቡን ገልብጡ፣ ፎቶግራፍ አንሡ፣ ሽማግሌዎቹንና ባልቴቶቹን ጠይቁ። የጋራ ሕንጻ ማኅበራት የሚማሩበት ልምድ በአገራችን የለም የሚል ክርክር ነገ ቢነሣ፣ መልሱ በእነዚያ ደብተሮች ውስጥ ይገኛል፤ ያንን መልስ ከጥፋት ማዳን ደግሞ የእኛ የሙያ ግዴታ ነው።